ሞተሩ እስኪያለቅስ

«አላለቀሰም!» አለ አባቷ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ እንደረገጠ። «ሰማሽ ሚጢጢ? ገና ጉልበት አለው!»

ሚጢጢ የሰማችው ሌላ ነው። መኪናዋ በሦስተኛ ማርሽ ዳገቱን ስትጋፈጥ ከኮፈኑ ሥር ቀጭን፣ ፈጣን ኳኳታ ይመጣል፤ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ከትተው የሚያንቃጭሉ ይመስላል። በመጀመሪያው ዙር ትንሽ ስለነበር «ተሳስቼ ይሆናል» ብላ ዝም አለች። በሁለተኛው ባሰ። አሁን በሦስተኛው፣ ዳገቱ ወገብ ላይ በር ከፍቶ የሚሠራው ልብስ ሰፊ እንኳ ከስፌቱ ቀና ብሎ አያቸው። የአባቷ ፊት ግን እንደበራ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ አባቷን «ባለ ጆሮው» ይለዋል። ሌሎች መካኒኮች ኮምፒውተር ሲሰኩ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «ሦስተኛው ካንዴላ ሰንፏል» ይላል፤ ሲፈቱት እውነትም ሦስተኛው ነው። የሞተር ጉልበት የሚጨምረውም በዚሁ ጆሮ ነው። የካንዴላው እሳት ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲነሳ እሳት አከፋፋዩን ዲስትሪቢውተር የፀጉር ያህል ያዞርና ዳገት ላይ ይፈትነዋል። ዝም ካለ እንደገና ያዞራል። ያ ቀጭን ኳኳታ ሲጀምር «አለቀሰ» ይልና ትንሽ ይመልሰዋል፤ በቃ፣ ሥራው አለቀ። መመለሱን የረሳ ሰው ግን ፒስተኑን አቃጥሎ ቁጭ ይላል።

መኪናዋ የአክስቷ ናት። ይህች የአባቷ ታናሽ እህት የመንዳት አስተማሪ ስትሆን ሳምንቱን ሙሉ ለተማሪዎቿ «ቀስ! ቀስ!» ስትል ትውላለች፤ ቅዳሜ ግን የዳገት ውድድር ልትገባ ነው። «ሞተሩ ውስጥ አየር በግድ የሚነፋ ተርቦ አስገጥሚላት» ያሏትን ሁሉ የሚጢጢ አባት አሳፍሮ መልሷቸዋል። «ተርቦ ማለት በሰው ሳንባ መተንፈስ ነው! ይሄ ሞተር በገዛ ትንፋሹ ዳገቱን ይወጣል» ብሎ የአየር መሳቢያውን አሰፋ፣ ጭስ ማውጫውን ቀየረ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበ። የቀረው ይህ ማዞር ብቻ ነበር።

ዳገቱ አናት ላይ ሲደርሱ አባቷ መኪናዋን ጥግ አስይዞ ኮፈኑን ከፈተ። «ትንሽ እንጨምርለት» አለና የብሎን መፍቻ ቁልፉን እዚያው ትቶ ከኋላ ወንበር የውኃ ጠርሙሱን ሊያመጣ ሄደ።

ሚጢጢ ቁልፉን አነሳች። ዲስትሪቢውተሩን የያዘውን ብሎን ታውቀዋለች። አላልታ፣ ትንሽ መልሳ፣ ማጥበቅ ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አባቷ አያውቅም፣ አክስቷ ቅዳሜ በሰላም ትወጣለች፣ ማንም አያዝንም።

ከዚያስ? ሰኞ ሌላ መኪና ይመጣል፤ እሷ ትምህርት ቤት ናት። ማክሰኞም ሌላ። የሰዉን መኪና ሁሉ እየተከተለች ልትመልስ ነው? ደግሞ ባለፈው አንድ ደንበኛ የኮምፒውተር ነገር ሲያነሳበት አባቷ ደረቱን ነፍቶ «ጆሮዬ ያለቀ ቀን እኔም አለቅሁ!» ማለቱ ትዝ አላት። ያኔ ሁሉም ስቀው ነበር፤ እሷም ስቃለች። አባቷን ከማንም አብልጣ ትወደዋለች፤ ያንን ቀን ይዛ የምትመጣው እሷ መሆኗ አንገበገባት።

«አባዬ» አለች። ጀርባውን ሰጥቷት ስለነበር አልሰማትም። ጠጋ ብላ ትከሻውን ነካችው። «አባዬ፣ አልቅሷል።»

«ማን?»

«ሞተሩ። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እያለቀሰ ነው።»

አባቷ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! እኔ ሳልሰማው?»

ሳቁ ግን አፍንጫዋን ሲያይ መሀል ላይ ተቆረጠ። ሚጢጢ ልታለቅስ ስትል አፍንጫዋ ቀድሞ እንደሚቀላ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃል።

«ብዙ ነው?» አለ።

«ብዙ ነው።»

የውኃውን ክዳን ከፈተ፣ ሳይጠጣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

«የፍሬቻ ቀጭ ቀጭታ ከጠፋብኝ ዓመት ሊሞላው ነው» አለ በመጨረሻ። «የዘንድሮ መኪና ድምፁን ቀንሶታል እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። የአክስትሽ መኪና እንኳ እኮ የዘንድሮ አይደለችም።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ለራሴስ መቼ ነገርኩት?» ከዚያ ከንፈሩ ላይ ፈገግታ መጣ። «እናትሽ ግን ደስ ሊላት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ‹አትሰማኝም› ስትለኝ ኖራ አሁን ማስረጃ አገኘች።»

ሚጢጢ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት። እሱ ደግሞ እንባዋን ሊጠርግላት ሲል ጉንጯን ግሪስ ቀባት። ያን ጊዜ ነው እጇ ላይ ያለውን ቁልፍ ያየው።

«በዚህ ምን ልታደርጊ ነበር?»

«ልመልሰው። ሳልነግርህ።»

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

ቁልፉን ዘረጋችለት። አባቷ ተቀብሏት ተነሳ፣ ብሎኑን አላላ፣ ዲስትሪቢውተሩን ወደ ኋላ መለሰ፣ አጠበቀ። «እዚህ ጋ ይመስለኛል» አለ። «ግን አላውቅም።» ስለ ሞተር ተጠይቆ «አላውቅም» ሲል ሰምታው አታውቅም።

«አንቺ እታች ልብስ ሰፊው ጋ ቁሚ» አላት ወደ መሪው እየገባ። «ሳልፍ ካለቀሰ እጅሽን አንሺልኝ። እጅሽን ማየት አያቅተኝም።»

ሚጢጢ ሮጣ ወርዳ መንገዱ ዳር ቆመች። መኪናዋ ቁልቁል አለፈቻት፣ ከታች ዞረች፣ ሽቅብ መጣች። የሞተሩ ድምፅ አሁን ወፍራምና ሙሉ ነው፤ ዳገቱን እየበላው ይወጣል። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከወፍራሙ ድምፅ ሥር አንድ፣ ሁለት ቀጫጭን ኳኳታ ብልጭ ብለው ጠፉ። ደግሞ አንድ። በጣም ትንሽ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን «ይለፍ» ይላል።

ዓይኗን ስትገልጥ አባቷ በመኪናዋ የፊት መስታወት ውስጥ ይታያታል። ከንፈሩን ነክሷል፤ እጇ ባይነሳ ምን ያህል ደስ እንደሚለው እዚህ ድረስ ይነበባል።

ሚጢጢ እጇን አነሳች፤ በደንብ እንዲያየው ክንዷ እስኪሳብ ድረስ ከፍ አድርጋ። አባቷ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳ።