አልፈታም ያለው ዳዶ

ሽማግሌው መካኒክ በገዛ ጋራዡ፣ የፊት ጎማዋ በወለቀ አሮጌ መኪና ሥር ሞቶ ተገኘ። ክሪኩ ተንሸራቷል፤ መፍቻ ቁልፉ እጁ አጠገብ ወድቋል። ሬሳው እንደተነሳ የሁሉም ጣት ወደ ሴት ልጁ ዞረ። እሷም መካኒክ ናት፤ መኪናዋን በክሪክ ያነሳቻት እሷ ነበረች።

«ድጋፍ ሳታስገባ ነው የሄደችው» አለ የአባቷ ሸሪክ። ይህ ሰው ጋራዡን በገንዘብ ከማገዝ በቀር መኪና ሥር ገብቶ አያውቅም፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው። «እኔ ቢሮዬ ነበርኩ። ሰውዬው ከዛገ ዳዶ ጋር ሲታገል መኪናዋ ተናወጠችና ወደቀችበት። ልጄ፣ እመኚና ይቅለልሽ።»

«ያላጠፋሁትን አላምንም!» አለች ልጅቷ። «ድጋፉን በሁለቱም ጎን አስገብቼ ነው ቁርስ ልገዛ የወጣሁት። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ! አባቴን ገደልኩ ግን አልልም!»

መርማሪዋ ድምጿን ከፍ የማታደርግ፣ ከዓይኗ ግን ምንም የማያመልጥ ሴት ናት። ልጅቷን አየቻትና ጎንበስ ብላ በመሪው ዘንግ ጫፍ ያለውን ዳዶ በባትሪ መረመረች። ከዚያ ሬሳውን ወዳገኘው ወደ መኪናዋ ባለቤት፣ ጡረታ ወደ ወጣው ሹፌር ዞረች።

«ጋሼ፣ ምን ሰሙ?»

«በሩ ላይ ሳለሁ መዶሻ ሲቀጠቅጥ ሰማሁ። እየሠራ ነው ብዬ ትንሽ ቆየሁ። ስገባ… ወይ ጉድ!»

«መኪናዋ ስትወድቅስ?»

«ኧረ እሱን አልሰማሁም።»

መርማሪዋ መኪናዋን አስነስታ በደንብ አስደገፈችና ሁሉንም ሰበሰበች። «እስቲ ይሄ ዳዶ እውነት እምቢ ብሎ እንደሆነ እንየው። ማን ይሞክርልኝ?»

ሸሪኩ ለማሳመን ቸኩሎ ቁልፉን ነጠቀ። ወደ ግራ ጎተተ፤ ቁልፉን በመዶሻ ቀጠቀጠው። «ይኸው! ንቅንቅ ይላል? ይሄ ነው የገደለው!»

«ኧረ የኔ ጌታ» አለ ሹፌሩ፣ «እያጠበቁት እኮ ነው!»

«የመሪው ዘንግ በዚህ ጫፍ ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው» አለች መርማሪዋ። «ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ሟቹ ዕድሜ ልኩን ሲፈታው ኖሯል፤ ልጁም ታውቃለች፤ ጋሼም ያውቃሉ። ዳዶው ላይ ያለው አዲስ ጭረት ግን በማጥበቂያው በኩል ነው፤ አሁን እርስዎ የጨመሩበትም እዚያው ላይ ነው። ጋሼ መዶሻ ሰሙ እንጂ መውደቅ አልሰሙም፤ መኪናዋ ቀድማ ወድቃ ነበር። ሟቹ ሥር እንደገባ ድጋፉን አወጡ፤ ክሪኩን ለቀቁ፤ ከዚያ አደጋ ለማስመሰል በጎን እጅዎን አስገብተው ዳዶውን ቀጠቀጡ። ግቢው ውስጥ ከእርስዎ በቀር ማንም አልነበረም።»

ሸሪኩ ቁልፉን ወረወረው። «ሸጠን እንካፈል ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት! ግትር ነበር! ያለ እኔ ይሄ ጋራዥ ነገ ይዘጋል!»

«ሞቼ ነው የሚዘጋው!» አለች ልጅቷ።

እሱን እያወጡት እሷ መኪናዋ ሥር ገባች። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈተገች፤ ናፍጣ አፈሰሰችበት፤ እስኪሰርግ ጠበቀች። ከዚያ በሙሉ አቅሟ ወደ ቀኝ ጎተተች። ዳዶው ጮኸና ተላቀቀ።

ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ ደርቆ ነበር፤ እንባዬን እንደ ጥፋት ማመን ይቆጥሩብኛል ብላ። አሁን ዳዶውን ጨብጣ፣ እዚያው መሬቱ ላይ እንደተጋደመች፣ አባቷን እየጠራች አለቀሰች።