የሦስተኛው ዘፈን ጫፍ

«እኔ አይደለሁም» አለች ፊሽካ፣ ፀጉር ቤቱን የሞላውን ዘፈን እየሰማች።

«አይ ትሕትና!» አለች እናቷ፣ በአንድ እጇ ማበጠሪያ በሌላው ፀጉር ማድረቂያ እንደያዘች። «ሰማችሁልኝ? በቴሌቪዥን ውድድር አንደኛ ወጥታ፣ አልበም ሠርታ፣ ዛሬም እኔ አይደለሁም ትላለች!»

«እማ፣ የምሬን ነው። እዚህ ጋ ያለው ድምፅ የኔ አይደለም።»

«እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኋት» አለች እናቷ ለደንበኞቿ፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው መልሳ እያስጀመረች።

ካስክ በሚሉት ማድረቂያ ስር የተቀመጠችው የፊሽካ የሒሳብ መምህር የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲን የሞላውን ጭንቅላቷን ወደ ውጭ ብቅ አደረገች። «እኔ እንኳ 'እኔ አይደለሁም' ሲባል የለመድኩት ክፍል ውስጥ ወረቀት ሲወረወር ነው» አለችና መልሳ ገባች። ፀጉር ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ፊሽካ አልሳቀችም። ማስቲካዋን ዋጥ ልታደርገው ምንም አልቀራትም። ሲጨንቃት እንዲህ ናት፣ ማስቲካውን መፍጨት ነው።

ሰፈሩ ፊሽካ ያላት ገና ስትድህ ነው። ስታለቅስ መንገድ ላይ መኪና ይቆም ነበር ይባላል። የቆመ መኪና ያየ ጎረቤት የለም፤ ለቅሶውን ግን እኛ ጎረቤቶቿ ሁላችንም ሰምተናል፣ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ያ ድምፅ አድጎ አድጎ ዘፈን ሆነ። በአሥራ አምስት ዓመቷ የቴሌቪዥኑን ውድድር አሸነፈች፣ ትልቁ የሙዚቃ ኩባንያም የመጀመሪያ አልበሟን ሊያወጣላት ተረከባት። አሁን አልበሙ አልቋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሊለቀቅ ነው። ኩባንያው ቀድሞ በስልኳ የላከላት «ለቤተሰብ ብቻ» ብሎ ነበር፤ እናቷ ደግሞ ቤተሰብ ስትል ፀጉሩን የምታጥብለትን ሰው በሙሉ ማለቷ ነው።

ሦስተኛው ዘፈን «ክፈቱልኝ» ይባላል። የአልበሙም ስም እሱ ነው። መጨረሻው ላይ ድምፁ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ በላይ መሄጃ የለም ሲባል አንድ ደረጃ ይጨምርና እዚያ ላይ ይቆያል። ይህ ነው ሴቶቹን «ውይ!» ያሰኛቸው።

ሲቀዳ ግን እንዲህ አልነበረም። ካሸነፈች በኋላ ኩባንያው ከከተማ ከተማ እያዞረ ሲያዘፍናት ሰንብቶ ስቱዲዮ ስትገባ ጉሮሮዋ ዘይት እንዳጣ በር ሲጢጥ ይል ነበር። ጫፉ ላይ በደረሰች ቁጥር ድምፅዋ ይሰነጠቅባታል። ደጋገመችው። በመጨረሻ ፕሮዲውሰሩ፣ ከነኮፍያው የሚተኛ ስለሚመስል ባለ ኮፍያው የሚሉት ሰውዬ፣ «ይበቃል የኔ ልጅ፣ የቀረውን እኛ እናስተካክለዋለን» አላት። ማስተካከል ሲል በማሽን አቧራውን ማራገፍ መስሏት ነበር።

ፎጣዎቹ ለመድረቅ ወደሚሰጡበት ጓሮ ወጣችና ደወለች። ያቺን ጫፍ ይዛ በመጨረሻዋ ላይ እንዲያ በቀስታ የምታንቀጠቅጥ አንዲት ሴት ብቻ ናት የምታውቀው። እታለም ይሏታል ስቱዲዮ ውስጥ፤ የሰው ሁሉ አልበም ላይ ተቀባይ ናት፣ ከዘፋኙ ጀርባ «ኦ-ኦ» እያለች የኖረች።

«እታለም፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ…»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለቻት ገና ሳትጨርስ። ከኋላዋ ሕፃን ይጮኻል። «ተቆጣሽ?»

«አልተቆጣሁም። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራዬ ነዋ እህቴ። ነይ ዝፈኚ ሲሉኝ እዘፍናለሁ። ከፈለግሽ ለስንቶቹ እንደጮኽኩላቸው ብነግርሽ ሬዲዮ መስማት ትተያለሽ።» ትንሽ ሳቀች። «ግን ደውላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

ማታ ሲዘጋ ፊሽካ የወደቀውን ፀጉር ትጠርጋለች፣ እናቷ ማበጠሪያዎቹን ታጥባለች። መስታወቱ አጠገብ የአልበሙ ፖስተር ተለጥፏል፤ ፊሽካ አፏን እስከ ጆሮዋ ከፍታ። እናቷ አሁን ነገሩ ትሕትና አለመሆኑ ገብቷታል።

«እሺ፣ ሌላ ሰው ነው እንበል» አለች። «ምን አለበት? እኔ ስንቷን በቅጥል ፀጉር ድሬያለሁ። ባንክ የምትሠራዋ ደንበኛዬ፣ ወገቧ ላይ ከሚደርሰው ፀጉር የራሷ አንድ ጣት አይሞላም። ማን ከሰሳት?»

«እማ፣ ንፋስ ሲነሳ አይተሻታል?»

«ማንን?»

«የባንኳን። በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ይዛ ነው የምትሮጠው።» ፊሽካ መጥረጊያውን አቆመች። «የአልበሙ ምረቃ ላይ አፌን አንቀሳቅሼ ብቻ እንድቆም ነው የሚፈልጉት። ከዚያስ? ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት 'እስቲ ያቺን ጫፍ' ሲሉኝ? ዘፈኑ በተጠራ ቁጥር እኔ ጭንቅላቴን ይዤ ልሩጥ?»

እናቷ ሳቋ አመለጣት። ቶሎ ብላ ግን ሰበሰበችው። የፖስተሩን ጥግ በጣቷ ጫን ጫን አደረገች፣ ባይላጥም።

«ዘፈኑን ከአልበሙ ቢያስወጡትስ? 'ልጅቷ ታስቸግራለች' ብለው ጭራሽ አልበሙን ቢተዉትስ?»

ፊሽካ ይህን ሳታስበው አልቀረችም። ከልጅነቷ ጀምሮ የጠበቀችው አልበም ነው።

«ይተዉት» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥ ብሎ ባይወጣም። «እኔ ግን ነገ ስቱዲዮ እሄዳለሁ።»

እናቷ እጇን በሽርጧ አደረቀች። «ብቻሽን አትሄጂም» አለች። «ሰውዬው የምትዪውን እንዲሰማሽ ደግሞ ያንን ማስቲካ አታንጣጪበት።»

በማግስቱ ጠዋት ፊሽካ መታጠቢያ ቤት ገብታ ያቺን ጫፍ ስትለማመድ ያልሰማ ጎረቤት የለም። ወደ ላይ አልወጣችም። ሁሉም ወደ ላይ ትወጣለች ብሎ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ቀስ ብላ ወረደች፣ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ማንኳኳቱን ትቶ በሹክሹክታ እንደሚለምን፤ «ክፈቱልኝ»። ሙዚቃው ሳይነካ አብሮት የሚሄድ ነው። ከግድግዳው ወዲህ ጥርሴን እየቦረሽኩ የነበርኩት እኔም ብሩሹን አፌ ውስጥ ረሳሁት።

ስቱዲዮው ከኩባንያው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ባለ ኮፍያው ወንበሩን አዙሮ እናትና ልጅን ሲያይ ስጦታ ያመጡለት መስሎት ፈገግ አለ። ፊሽካ ስትናገር ፈገግታው ቀስ በቀስ ሄደ።

«ድምፅና ሙዚቃው ተቀላቅሎ ያለቀ ሥራ ነው» አላት። «ነገ መላክ አለበት።»

«አንድ መስመር ብቻ ነው ጋሼ፣ ዝቅ አድርጌ እዘፍነዋለሁ። ሌላውን ሁሉ እኔው ነኝ የዘፈንኩት።»

«ሁሉም አልበም ላይ እንዲህ ይሠራል እኮ። ኃጢአት የሠራን አታስመስዪን።»

«እንግዲያው የእታለም ስም ከስሜ ጎን ሽፋኑ ላይ ይጻፋ።»

«ሽፋኑ ታትሟል።»

«ከሁለቱ አንዱ መቀየር አለበት» አለች ፊሽካ። «ሽፋኑ ካልተቀየረ ድምፁ ይቀየራል።»

ሰውዬው ወደ እናቷ ዞረ፣ እርዳታ ፍለጋ። እናቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣሪያውን ታያለች። የስቱዲዮ ጣሪያ አይታ የማታውቅ ሰው ትመስል ነበር፤ አይታም አታውቅም።

«ስሚኝ» አለ ባለ ኮፍያው፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ክፋት የለኝም። ውድድሩ ላይ ሰው አንቺን የመረጠሽ እንደዚያች ባለች ጫፍ ነው። ዝቅ ብለሽ ስትመጪ 'ልጅቷ ደከመች' ቢሉሽስ?»

«ይበሉኛ። ደክሜም ነበር እኮ። ግን የደከምኩት እኔ ነኝ።»

ሌላ ነገር እስኪላት አልጠበቀችም። የመቅጃ ክፍሉን ወፍራም በር ገፍታ ገባች፣ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ውስጡ ጆሮ ውስጥ ጥጥ የተጠቀጠቀ ያህል ጸጥ ያለ ነው። ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች። በመስታወቱ ወዲያ ባለ ኮፍያው ለእናቷ አንድ ነገር ይላታል፣ እናቷም አንድ ነገር ትመልስለታለች፤ አንዱም አይሰማም። ኮፍያውን አወለቀ፣ ራሱን አከከ፣ መልሶ አጠለቀው። ራሱ መላጣ መሆኑን ፊሽካ የዚያን ዕለት አየች።

ማስቲካዋን ትፈጫለች። ግን ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ይሰሙኛል አይደል? ዛሬ ካልተሳካልኝ ነገ ጠዋት ሳይላክ እመጣለሁ። አይሆንም ካሉኝ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ። ጉሮሮዬ ድኗል፣ እናቴም ዛሬ ፀጉር ቤቱን ዘግታለች። እስኪቀዱኝ ድረስ ከዚህ ክፍል አልወጣም።»

ከመስታወቱ ወዲያ ሰውዬው ወንበሩን ወደፊት ሳበ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለና የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫነ። ድምፁ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ፣ አጠገቧ የቆመ ያህል መጣ።

«መጀመሪያ ማስቲካሽን ትፊ።»