የፍሬዘር ጊታር በሃዊ እጅ

የተቀየመች ሴት ዝም ስትል ረሳች ብላችሁ እንዳትሞኙ፣ ልጆቼ። ሃዊ ጉተማ ሁለት ክረምት ሙሉ ዝም ብላለች፤ የረሳችው ግን አንድም ነገር የለም።

ፍሬዘርን የወደደችው አዳማ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እሱ ጊታር ይመታል፣ እሷ ትዘምራለች። የጊታር ክር መቀየር ያስተማራት እሱ ነበር። ስትሳሳት አይናገራትም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያታል። ልቧን የወሰደው ያ ዝምታ ነው።

ከዚያ ሽማግሌ ላከ። አባቷ አቶ ጉተማ አዳማ ቢኖሩም የሁሩታ ሰው ናቸው። በእሳቸው ወግ፣ የመጀመሪያ ቀን የመጣ ሽማግሌ እሺ አይባልም። «ልጄ ገና ናት፣ አይሆንም» ተብሎ ይሸኛል፤ እሱም ወጉን ስለሚያውቅ ሳይከፋው በሳምንቱ ይመለሳል። ሴት ልጅ እንደ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ተመዝና አትሰጥም፤ ደጅ ይጠናላታል። አቶ ጉተማም እንደ ወጉ መለሷቸው። በሳምንቱ ቤቱ ተሰናድቶ፣ በግ ታርዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ተጠበቀ። ማንም አልመጣም። በሌላውም ሳምንት ማንም አልመጣም። ፍሬዘር ወደ እናቱ ወደ ኩየራ ሄዷል ተባለ፤ ስልኩም አይሠራም። የሰፈሩ ሰው በጉን ማን በላው እያለ ቀለደ።

ሃዊ መዘምራኑን ተወች። ፍራንኮ አካባቢ፣ አብዱልመናን የሚባል ሰው በከፈተው የሙዚቃ መሣሪያ መጠገኛ ሥራ ያዘች።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ፍሬዘር ጊታሩን አዝሎ ከች አለ። እሷ እዚያ መሥራቷን አላወቀም። በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«አካም ጅርታ፣ ሃዊ?»

«ደህና። ምን ልታዘዝ?» አለችው፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳላየችው ሰው።

ክሮቹ ዝገዋል። ቅዳሜ እህቱ ጂቱ ሶደሬ ላይ ትዳራለች፤ ሙሽራዋ ስትገባ የሚመታው እሱ ነው፤ የሠርጉ ጣጣ ደግሞ ፋታ አልሰጠውም። ይህን ሲናገር ዓይኑ ከእሷ ወደ ጊታሩ፣ ከጊታሩ ወደ እሷ ይመላለሳል። አብዱልመናን ሁለቱንም አየና «የሚጠገነው ጊታሩ ብቻ ነው?» አለ። የሳቀለት አልነበረም።

ይህ ጊታር እንደ ሌላው አይደለም። ክሮቹ የሚታሰሩበት ብሪጅ እንጨቱ ላይ አልተቸነከረም፤ እንደ ሚዛን ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው። ከፊት ስድስቱ ክሮች ይስቡታል፣ ከጀርባ የተደበቁት ሞላዎች ይስቡታል። ስለዚህ ክሩን አንድ በአንድ ነው የሚቀይሩት፤ አንዱን ፈትቶ፣ አዲሱን አስሮ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። አዲስ ክር ደግሞ አስቀድሞ ካልተጎተተ ሲመቱት ይላላል፤ እየጎተቱ፣ እየቃኙ፣ መጨረሻ ላይ አንገቱ ላይ ያሉት መቆለፊያዎች ይጠብቃሉ። አንዱ ክር ከላላ ሚዛኑ ይዛባል፤ የቀሩት አምስቱም አብረው ይበላሻሉ።

ሃዊ ክሮቹን ቀየረች። አንዱንም አልጎተተችም። መቆለፊያዎቹንም ለዓይን ያህል ብቻ ነካካቻቸው። ሊወስደው ሲመጣ መታ መታ አደረገው፤ ድምፁ ያማረ ነበር። እሷ የነካችውን ዕቃ ደግሞ መፈተሽ አፈረ።

«አመሰግናለሁ» አለ።

«ቅዳሜ ታመሰግነኛለህ» አለችው።

ጂቱ ከድሮም ሃዊን ትወዳት ነበርና ለሠርጉ ጠርታታለች። ሃዊ ቀይ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከፊት ወንበር መርጣ ተቀመጠች። እሷም ሰው ፊት ነበር የተዋረደችው፤ እሱም ሰው ፊት ይዋረድ።

ሙሽሮቹ መግቢያው ላይ ደረሱ። ፍሬዘር ጀመረ፤ ድምፁን ሊያወዛውዝ ብሪጁ ላይ ያለውን ዘንግ ጫን አድርጎ ለቀቀ። በዚያው ድምፁ ተበላሸ። አንዱ ክር ወረደ፣ ሌሎቹ ወጡ። ሊያስተካክል ሞከረ፤ ባሰበት። እድምተኛው መሳቅ ጀመረ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ሃዊ «ቅመሳት» አለች በልቧ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጣፈጣት።

ከዚያ ዞር ስትል ጂቱን አየች። ልጅቷ በነጭ ቀሚሷ፣ የሙሽራውን ክንድ እንደያዘች፣ ትግባ አትግባ ጠፍቷት ቆማለች። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። ጂቱ ምን አደረገች? ሃዊ ይህን አላሰበችውም ነበር።

ተነሥታ መድረኩ ላይ ወጣች። አጠገቡ የነበረውን ኦርጋን ተጫዋች እድምተኛውን በዜማ ትንሽ እንዲያቆይላት ለምና፣ መፍቻውን ከጊታሩ ቦርሳ አውጥታ ከፍሬዘር ፊት ተንበረከከች።

«አውቀሽ ነው» አለ በሹክሹክታ።

«አውቄ ነው። ቀጥ አድርገህ ያዝ።»

«ምን አደረግኩሽ?»

«አንድ ቀን ሽማግሌ ልከህ ጠፋህ።» ክሩን ጎተተችው፤ ትንሽ ጠንከር አድርጋ።

«አባትሽ አይሆንም አሉ። አንቺም ብቅ አላልሽም።»

«የምትታጭ ልጅ ሽማግሌ ፊት ትጨፍራለች?»

«እኛ ኩየራ እንዲህ አናውቅም፣ ሃዊ። አይሆንም ከተባለ አይሆንም ነው። እናቴም፣ የተላኩት ሽማግሌዎችም፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የገባን። ድምፅሽን ብሰማ እንዳልችል ፈርቼ ስልኬን ቀየርኩ።»

«ሁሩታ አይሆንም ማለት ተመልሳችሁ ኑ ማለት ነው።»

 የሃዊ እጅ ክሩ ላይ ቆመ። ሁለት ክረምት ሙሉ በጉን ማን በላው እየተባለ የተቀለደባት ለዚህ ነበር። ማልቀስ አማራት፤ ግን ተናድዳ ነበርና ወደ ክሩ ተመለሰች። አንዱን ስታስተካክል የቀደመው ተዛባ። እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ይሄ ጊታር በአንድ ዙር ተቃኝቶልህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እሱን ግን አልተውከውም» አለችው።

 ቀና ብላ ስታየው ፊቱ ላይ ያ የጥንቱ አተያይ ነበር፣ ስትሳሳት ዝም ብሎ የሚያያት። ዛሬ የተሳሳተው ራሱ ነው። መቆለፊያዎቹን አጠበቀችና ወረደች። ጂቱ እየሳቀች፣ እያለቀሰች ገባች።

በሳምንቱ የኩየራ ሽማግሌዎች አቶ ጉተማ በር ላይ ቆሙ። አባት ወዲያው ሊፈቅዱ ነበር፤ እምቢ ያለችው ሃዊ ናት።

«አባዬ፣ እንደ ወጉ ይመለሱ። በላዩም አንድ ጊዜ ጨምርባቸው።»

«አንቺ ልጅ፣ እሱን ነው የምትቀጪው ወይስ እኔን?» አሉ አቶ ጉተማ፤ ግን መለሷቸው። በሳምንቱም መለሷቸው። ፍሬዘር ማታ ማታ እየደወለ «ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን አመማቸው» ይላታል፤ እሷ «ቅባት ግዛላቸው» ትለዋለች፤ ከዚያ እስኪመሽ ያወራሉ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ጃንጥላና የየራሳቸውን በርጩማ ይዘው መጡ። ከበሩ ውጭ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ዛሬ ወዴትም የሚሄዱ አይመስሉም። አቶ ጉተማ በመስኮት አይተው በሳቅ ፈረሱ፤ ዛሬስ እሺ እላለሁ፣ ልጄም ብትቆጣ ትቆጣ አሉ። እናቷ ወይዘሮ ዘርፉ በሩን ሊከፍቱ ተነሡ።

ሃዊ ከንጋት ጀምሮ ለብሳ፣ ተኳኩላ ተቀምጣለች። የእናቷን እጅ ያዝ አደረገች።

«እማዬ፣ ትንሽ ይቆዩ» አለች። «የአዳማ ፀሐይ ሰው አይገድልም።»