መንጠቆ የሌለው ዘንግ

«ሰውዬ! ሱሪውን ልቀቅ!»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ከሱቋ ስትወጣ፣ ለንፋስ ያሰጣችው የዳኛው ሱሪ አንድ እግሩን ወደ ሰማይ አንስቶ ይወዛወዛል። እግሩ ላይ ረጅም ሲባጎ ተጠምጥሟል። ከሱቋ ጀርባ ባለው የሣር ሜዳ ላይ አንድ መነጽራም ሰው ቀጭን ዘንግ ይዞ ክው ብሎ ቆሟል።

«ይቅርታ እህቴ! መንጠቆ የለውም! ጫፉ ላይ ያለው የሱፍ ክር ብቻ ነው!»

«እዚህ ሣር ላይ ምን ዓሣ አለና ነው?»

«ወንዙ ተዘግቷል እኮ። ዓሦቹ እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ስለሆነ ሦስት ወር ማጥመድ ክልክል ነው። እጄ እንዲፈታ ነው የምለማመደው።»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም? አንተ ደግሞ ዳኛ ልታወጣ ነበር!»

ሰውዬው ሳቀ። እሷ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች... አልቻለችም።

ለካ መንገዱ ማዶ ያለው ሰዓት ሠሪ ነው። የሚያጠምደው ከላባና ከክር በተሠራች የውሸት ዝንብ ነው፤ ዝንቧ ቀላል ስለሆነች ውኃው ላይ ቀስ ብላ እንድታርፍ አወራወሩ ብዙ ልምምድ ይፈልጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ሲጨርስ ወደ ሜዳው መምጣት ልማዱ ሆነ። ልብስ ሰፊዋም የስፌት መኪናዋን ወደ ጓሮው መስኮት አዞረችው።

«ለብርሃን ብዬ ነው» አለች።

«ብርሃኑ መነጽር አድርጎ ይመጣል እንዴ?» አሉ ቁልፍ የሚተክሉላት አክስቷ።

መጀመሪያ ላይ ሰውዬው ጉድ ነበር። ዘንጉን ወደ ኋላ ያነሳና ሲባጎው ከጀርባው ሳይዘረጋ ወደ ፊት ይወረውረዋል። ጧ! ይላል እንደ ጅራፍ።

«ሰዓት ሠሪ ሆኖ ጊዜ መጠበቅ አያውቅም!» ይላሉ አክስት። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች!»

ከዚያ አንድ ቀን በወረወረ ቁጥር ወደ ኋላ ዞር ማለት ጀመረ። ከኋላው ያለው ደግሞ የእሷ መስኮት ነው። ሲዞር ፈገግ ይላል፤ እሷም ፈገግ ትላለች። ጧ ማለቱም ቀረ። እውነቱን ለመናገር፣ ከአሥር ዓመት በላይ ወንድ ወደ እሷ የሚዞረው ሱሪው ሲጠብበት ብቻ ነበር። አሁን ግን በቀን አርባ ጊዜ፣ ሃምሳ ጊዜ የሚዞርላት ሰው አገኘች። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ከቁርጥራጭ ጨርቋ መሐል ቀይ ቀዩን የሱፍ ክር እየመረጠች ታስቀምጥለት ጀመር።

ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል፣ ኢላማ እንዲያደርገው ብላ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዛለት ወጣች። የሜዳው ዘበኛ ሲጠይቀው ደረሰች።

«ቆይ፣ በወረወርክ ቁጥር ወደ ኋላ የምትዞረው ለምንድን ነው?»

«ሲባጎውን ለማየት ነዋ! ተዘርግቶ ማለቁን ሳላይ ከወረወርኩ ይበላሻል።»

ባለችበት ደርቃ ቀረች። ሲባጎውን ነው ለካ! ሳፋውን ሣሩ ላይ አስቀምጣ ሳትታይ ተመለሰችና መጋረጃውን ጎተተች።

«ወይ እኔ ሞኟ! ለገመድ ስስቅ ነው የከረምኩት!»

ሦስት ሳምንት ሙሉ መጋረጃው አልተከፈተም። ሰዓት ሠሪው ሁለቴ በሩን አንኳኳ፤ «ሥራ በዝቶባታል» ተባለ። ከውጭ እንደገና ጧ! ጧ! ይሰማ ጀመር።

«ሰውዬው ተበላሸ» አሉ አክስት። «ክፈቺለት።»

«እኔ ምን አገባኝ!»

አገባት እንጂ። ማታ ማታ የምታለቅሰውን ትራሷ ያውቃል።

ወንዙ የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። ዘንግ ያለው ሁሉ በማለዳ ወረደ። «በቃ፣ ከእንግዲህ ወደ ሜዳው ምን ያመጣዋል?» እያለች ስትብሰለሰል የአንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ ገልብጣ ሰፋችው። ልትተረትረው ስትል...

ጧ!

መጋረጃውን ገለጠች። ብቻውን ቆሟል፤ ሳፋዋ ከፊቱ ተቀምጣለች።

«ወንዙ ተከፍቷል እኮ!»

«አውቃለሁ። ሄጄ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አንዴ ወረወርኩ። ወደ ኋላ ስዞር ያየሁት ዛፍ ብቻ ነው። ዘንጌን ይዤ ተመለስኩ።»



«ሲባጎውን ነው የማየው ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ለመጀመሪያው ሳምንት እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ እጄ ለመደው፤ እኔ ግን መዞሩን አልተውኩም። ታዲያ ለዘበኛው ምን ልበለው? ላንቺ ያልነገርኩትን ለእሱ ልንገረው?»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና፣

«እስቲ ወርውር» አለችው። «ሲባጎውን ሳታይ።»

ዘንጉን አነሳ። ዓይኑ ከእሷ ላይ አልተነሳም። ሲባጎው ከጀርባው ተዘረጋ፤ ጠበቀ፤ ወደ ፊት ላከው። ድምፅ የሚባል አልተሰማም። ቀዩ ክር ከሳፋው አንድ ክንድ ርቆ ሣሩ ላይ አረፈ።

«ገባ?» አላት፣ እሷኑ እያየ።

«ገባ!» አለችው።

«ኧረ አልገባም!» አሉ አክስት ከውስጥ።

በዓመቱ ወንዙ ሲዘጋ ሁለቱ ባልና ሚስት ሆነው ሜዳው ላይ ነበሩ። ዘንጉን የያዘችው እሷ ናት፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ፣ መቼ መወርወር እንዳለባት ይነግራታል። እሷ ግን ራሷ ዞራ ካላየች አትወረውርም። አክስት ደግሞ መስኮቱ ላይ ተቀምጠው የዳኛውን ሱሪ ከሲባጎው ይጠብቃሉ።