ከሸሪንግሃም የተገዛ ሸርጣን

ዴዝመንድ ፓስክ የሞተው በኖሪች ባቡር ጣቢያ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ የገዛ ባርኔጣው ውስጥ እያስመለሰ ነው። የባቡር ፖሊሱ ኢንስፔክተር ቡሊሞር ሲደርስ ሬሳው በጋዜጣ ተሸፍኗል፤ ጋዜጣውም ርሷል። ክፍሉ ትውከትና ሸርጣን ይሸታል። ቡሊሞር የባሕር ዳር ልጅ ይሁን እንጂ ሸርጣን ሲሸተው ከልጅነቱ ጀምሮ አንጀቱ ይገለበጣል። መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ሸርጣኑ ነው የገደላቸው» አለ በሩ ሥር የቆመ ደልዳላ ሰው። የሟቹ የወንድም ልጅ ላየነል ፓስክ ነበር። «ገና ማስመለስ ሲጀምሩ ሸርጣኑ ተበላሽቷል ብዬ ጮኼያለሁ። አራት የሸርጣን ሳንድዊች ነው፣ ሸሪንግሃም ጣቢያ ካለችው ሴትዮ የገዛነው። እሷን ነው ማሰር ያለባችሁ።»

እየተናገረ ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉራል። ከመንጋጋው ነጭ ክር የመሰለች የሸርጣን ሥጋ አወጣ፣ አየት አደረጋትና መልሶ ዋጣት። ቡሊሞር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐኪሙ የሟቹ ልብ ደካማ እንደነበር ጠቅሶ፣ የተበላሸ ምግብ ሳይሆን አይቀርም አለ። ላየነልም ያንኑ ለጋዜጠኛ ነገረ።

በማግሥቱ ቡሊሞር ሸሪንግሃም ሲወርድ ሸርጣን ሻጯ አይቪ ላርተር የመሸጫዋን መስኮት በቢላዋ ትፍቃለች። ሌሊት የዓሣ ሆድ ዕቃ ለጥፈውበት አድረዋል። ፀሐይ አድርቆታል፤ ዝንቡ አይጣል ነው።

«አንተ የቡሊሞር ልጅ፣ ልታስረኝ መጣህ?»

«ልጠይቅዎት ነው፣ ወይዘሮ አይቪ።»

«እሰይ! ሌላው ሳይጠይቅ ነው የፈረደው። የጤና ሹሙ ዓርብ ይመጣል። መሸጫዬን ያሽጋል፤ ከዚያ ሰው ገድለሻል ብለው ፍርድ ቤት ያቆሙኛል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለኝ ይቺ ሳንቃ ብቻ ናት።»

«አራቱን ሳንድዊቾች ከምን ሠሯቸው?»

«ከአንድ ጎድጓዳ ሳህን። የተረፈውን ራሴ በላሁት። ይኸው አልሞትኩም።»

«ማን ተቀበለዎት?»

«ሟቹ ሽማግሌ ራሱ። አፍጥጦ እያየኝ ነው የጠቀለልኩት። እጮኛው ልያዝልህ ብትለው እጇን መታት።»

ቡሊሞር ከዚያ ቤተሰቡ ወዳረፈበት የክሮመር ሆቴል ሄደ። የቁርሱ ሳህን አልተነሣም፤ የአሳማ ስቡ በላዩ ረግቷል። የላየነል ሚስት ቤረል ዓይኗን እያበሰች ተቀበለችው።

«የባሌ አጎት በየበጋው ነው እንዲህ የሚያደርጉን» አለች። «የሳምንት ትኬት ይቆርጣሉ፣ ኖርፎክን በባቡር እናስሳለን ይላሉ። ምኑ ይታሰሳል! ጣቢያ እንደርሳለን፣ ሰሌዳውን አንብበን እንመለሳለን። ስንት ዓመት ሙሉ ባሕሩን በመስኮት አየሁ እንጂ አሸዋውን አልረገጥኩም።»

«የተረፈው ምግብ የት ገባ?»

«ላየነል ኖሪች ሳንደርስ ሮክሰም አጠገብ የአጎቱን ጥቅል በመስኮት ወረወረው። ሽታው ገደለን አለ። ምግብ ላይ ጉዱ ብዙ ነው። ቁንዶ በርበሬ በወረቀት ቋጥሮ ኪሱ ይዞ የሚጓዝ ሰው አይተው ያውቃሉ? ያን ዕለት ነው ያመጣው፤ ክሮመር ሳንደርስ የራሱን ዳቦ ከፍቶ ነስንሶ መልሶ ጠቀለለው።»

የሟቹ እጮኛ ሚስ ኬል ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። አላለቀሰችም።

«በመስከረም ልንጋባ ነበር። ላየነል እወርሰዋለሁ የሚለውን፣ ገደሉ ላይ ያለውን ቤቱን በስሜ እንደሚያዞረው ሰሞኑን ራት ላይ ነገራቸው።»

«ላየነል ምን አለ?»

«እንኳን ደስ አላችሁ አለ። ከዚያ የኔን ድንች በላው።»

«በባቡሩ ውስጥ እንዴት ነበር የተቀመጣችሁት?»

«ጠረጴዛው መሐላችን ነው። እኔና ዴዝመንድ ወደፊት ዞረን፣ ላየነልና ቤረል ፊት ለፊታችን። ክሮመር ላይ ግን ሐዲዱ ያልቃል። ነጂው ወርዶ በወዲያኛው ጫፍ ይገባና ባቡሩ በጀርባው ይወጣል። ዴዝመንድ ወደኋላ ሲጓዝ ያጥወለውለዋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ከላየነል ጋር ይቀያየራል። ምሳም የምንበላው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ምግባቸውን ይዘው ነው የሚቀያየሩት?»

ሚስ ኬል አፏን በመሐረብ ጠረገች። «አይ። ያ ነው የሚያስጠላው። ዴዝመንድ ቤተሰቡ ሊመርዘው እንደሚፈልግ ያምን ነበር። የራሱን ለላየነል ትቶ የላየነልን ይበላል። ‹የኔን መርዘኸው ከሆነ አንተው ቅመሰው› ብሎ ይስቃል። በየጉዞው ነው። ላገባው የነበረው ሰው እንዲህ ያለ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ቡሊሞር በሮክሰም ሐዲድ ዳር በእግሩ ሄደ። ጥቅሉን ያገኘው በዝንቡ ነው። አጠገቡ ሦስት ነጭ የባሕር ወፎች ምንቃራቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸው በገዛ ኩሳቸው ተለውሶ ሞተዋል። የአንዱ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ትል ይርመሰመሳል። ቡሊሞር ወደ ቁጥቋጦው ዞር ብሎ ምራቁን ተፋ፤ ከዚያ ወፎቹን በእግራቸው አንጠልጥሎ ከጥቅሉ ጋር ጆንያ ውስጥ ከተታቸውና ወደ ምርመራ ክፍል ላካቸው።

ሐሙስ ዕለት ሁሉንም ክሮመር ጣቢያ በቆመ ባዶ ፉርጎ ውስጥ ሰበሰባቸው። አይቪ ላርተርም መጥታ በሩ ዘንድ ቆመች። ሦስቱ ያን ዕለት ከሸሪንግሃም ሲነሡ በነበሩበት ቦታ ተቀመጡ፤ የሽማግሌው ቦታ ክፍት ቀረ።

«በወፎቹ ልጀምር» አለ ቡሊሞር። «የዚህ ዳርቻ የባሕር ወፍ አይጥ የናቀውን ይበላል። ወደቡ ላይ የበሰበሰ ሸርጣን ሲሻሙ ሁላችሁም አይታችኋል። በዚያ የሞተ ወፍ አይታችኋል?»

የሁሉንም ፊት በተራ አየ።

«ከሮክሰም ጥቅል የበሉት ግን ሞቱ። በሆዳቸውም በሟቹም ሆድ የተገኘው አርሴኒክ ነው፤ የድሮ አረም ማጥፊያ። የወይዘሮ አይቪ ሸርጣን ጤነኛ ነበር።»

አይቪ የበሩን እጀታ ጨብጣ «በሉ እንግዲህ፣ መስኮቴን የሚያጥብልኝ ማነው?» አለች።

«አራቱም ሳንድዊቾች ከአንድ ሳህን ነው የወጡት፤ የተመረዘው አንዱ ብቻ ነው። ሽማግሌው ደግሞ እንደ ልማዳቸው የበሉት የላየነልን ነው።»

ላየነል ከመቀመጫው ተነሣ። «አያችሁ! እኔን ነበር የፈለጉት! አጎቴ በኔ ፋንታ ሞቱ።» ጣቱን ሚስ ኬል ላይ ቀሰረ። «ቤቱን እንዳልካፈላት ፈርታ ነው!»

«ይቀመጡ። እኔም አንድ ቀን እንዲያ አስቤ ነበር። በኋላ ጥርስዎ ትዝ አለኝ።» ቡሊሞር ወደ ቤረል ዞረ። «ሽማግሌው ማስመለስ ሲጀምሩ ምን አደረጉ?»

«የቀረውን ዳቦዬን ጣልኩት። ማን ይበላል?»

«እርስዎስ፣ ሚስ ኬል?»

«እኔም ጣልኩ።»

«ላየነልስ?»

ቤረል ባሏን አየችው። «በላው» አለች ቀስ ብላ። «ሁለተኛውን ግማሽ። እሳቸው ባርኔጣቸው ውስጥ እያስመለሱ እሱ ፊት ለፊታቸው ያላምጥ ነበር። ጣቱንም ላሰ።»

«ሸርጣኑ ተበላሽቷል ብለው መጀመሪያ የጮኹት እርስዎ ነዎት» አለ ቡሊሞር። «ከዚያው ሸርጣን እስከ መጨረሻው የበሉትም እርስዎ ነዎት። ሬሳው አጠገብ ቆመው ከጥርስዎ ያወጡትን እንኳ መልሰው ዋጡት። ሸርጣኑ ምንም እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚበላ።»

«ርቦኝ ነበር» አለ ላየነል።

አይቪ «እግዚኦ!» አለች።

«አጎትዎ የሚጠብቁት የራሳቸውን ምግብ ነበር። የእርስዎን ማን ይጠብቃል? በሰው ሁሉ ፊት የገዛ ዳቦዎን ከፍተው ቁንዶ በርበሬ ነው ብለው ነሰነሱበት። የቀረውን ባቡሩ ሠራልዎት፤ ፊቱን ሲያዞር እሳቸው ራሳቸው ተነሥተው መጥተው ተቀመጡበት። ኮትዎን ትናንት ወስደናል። የኪሱ ስፌት ውስጥ የተገኘው ብናኝ እንደ ቁንዶ በርበሬ አያስነጥስም።»

የላየነልን ግንባር ላብ አጠመቀው። ቤረል ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኑ ተነሣችና በሽማግሌው ባዶ ቦታ ተቀመጠች።

ዓርብ ዕለት የጤና ሹሙ መጥቶ ምንም ሳያሽግ ተመለሰ። መስኮቱም ጠርቷል። ነገር ግን ከባቡር የወረደው ሰው ሁሉ መሸጫዋን እንደ ቁስል እየሸሸ ያልፍ ነበር። አይቪ ከተደረደሩት ሳንድዊቾች ላይ ዝንብ ትከላከላለች።

ቡሊሞር ከሕዝቡ መሐል ወጥቶ መስኮቱ ፊት ቆመ።

«አንድ ይስጡኝ።»

«ሸርጣን ሲሸትህ እንደምታስመልስ እናትህ ነግራኛለች።»

«ይስጡኝ እንጂ። አይጠቅልሉት፣ እዚሁ ነው የምበላው።»

ሰዉ ቆሞ አየው። ቡሊሞር ጎረሰ። ያ ልስልስ ጨዋማ ሥጋ ምላሱ ላይ ሲፈርስ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ዋጠ። አንዲት አሮጊት ሻንጣዋን አስቀምጣ ከኋላው ቆመች፤ ከእሷ ኋላ ሌላ ሰው ቆመ።

«ይብቃህ፣ ልጄ» አለች አይቪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አይተዋል።»

ቡሊሞር ራሱን ነቀነቀና ሁለተኛውን ግማሽ አነሣ።