የዳቦው ዳኛ

«እጅሽን ከዳቦዬ ላይ አንሺ!»

«ዳቦ ትይዋለሽ? መርዝ በይው እንጂ! ሰው ገድለሽ ደግሞ ዳቦዬ ትያለሽ!»

«አበቡ፣ አላህን ፍሪ!»

የፖሊሱ መቶ አለቃ አራጌ የመካነ ሰላም ቀበሌ አዳራሽ በር ላይ ሲደርስ ሁለቱ ሴቶች አንድ ድፎ ዳቦ ከወዲህና ከወዲያ ይዘው ይጓተቱ ነበር። ከኋላቸው፣ ቀይ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ አጠገብ መምህር ውበቱ በጀርባው ተዘርግቷል። ፊቱን በነጠላ ሸፍነውታል።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ነበር። የዳቦ ውድድሩን ያመጣው ካድሬው አሻግሬ ነው። ውጭ አገር ለትምህርት ሄዶ ሳለ በቴሌቪዥን ያየውን ሲያወራ ከተማውን አሰልችቶ ነበር፤ «እዚያ ሴቶቹ ጋግረው ይወዳደራሉ፣ ሕዝቡ ሻይ እየጠጣ ያያል፣ ይዝናናል። መዝናናትም ባህል ነው!» ይላል። መካነ ሰላም ቴሌቪዥን ስላልነበራት ሕዝቡ ራሱ ተጠርቶ አዳራሽ ገባ። የነጋዴ ሚስት የሆነችው አበቡ ጋገረች፤ ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ሀሊማ ጋገረች፤ ሌሎችም ጋገሩ። ሽልማቱ አንድ ኩንታል ዱቄት ነው። ዳኛው መምህር ውበቱ ነበር። የሀሊማን ዳቦ በመጨረሻ በላ፤ ትንሽ ቆይቶ ሆዱን ይዞ ወደቀ። ከደሴ የመጡት እንግዶች መኪናቸው ውስጥ ሳይገቡ ነፍሱ ወጣች።

አራጌ ዳቦውን ከሁለቱም እጅ ተቀበለ። ቆረሰና አላመጠ።

«መቶ አለቃ! ምን እያደረግህ ነው?» አሻግሬ ጮኸ።

«ጥቁር አዝሙድ አለበት። ደኅና ተጋግሯል።»

«ቀልዱን ተወው። ይህ የፀረ አብዮተኞች ሥራ ነው። ሴትዮዋ ዛሬውኑ ደሴ ትላካለች።»

በዚያን ጊዜ በዚህ ዓይነት ክስ ደሴ የተላከ ሰው ተመልሶ አይታይም። ሀሊማ ግድግዳውን ተደገፈች። «ልጆቼንስ?» አለች። አንድ ዘብ ወደ ዕቃ ቤቱ ወስዶ ቆለፈባት።

«መርዝ መሆኑን እግሩ ይመስክር» አለች አበቡ። «እንዴት እንዳበጠ እይልኝ!»

አራጌ ተንበረከከ። እውነትም አብጧል፤ በጣቱ ሲጫነው ጉድጓዱ አልሞላም። የጫማው ጎንና ጎን በምላጭ ተሰንጥቋል።

«ሲወድቅ ጫማውን ማን ቀደደው?»

«ኧረ ማንም አልነካውም!»

በስንጥቁ ጣቱን ሰደደ፤ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ከዚያ ኮቱን ከፈተ። ከኮቱ ሥር ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ። ቀበቶው በምስማር እየተበሳ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ሄዷል። አራጌ ኮቱን መልሶ ቆለፈለትና ተነሣ።

«እትዬ ንግሥቴ የት አሉ?»

ንግሥቴ የመምህሩ ቤት አከራይ ናቸው። መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀረቡ።

«ምግቡን እርስዎ ነበሩ የሚሠሩለት?»

«እኔማ ስንቴ ለመንኩት! ከጀብሪል ሆቴል እበላለሁ ነው የሚለኝ። ከኅብረት ሱቅ በራሽን የሚደርሰውን ዱቄት እንኳ አስነክቶኝ አያውቅም። እዚያ ያስጋግራል ብዬ ተውኩት።»

ጀብሪል የሆቴሉ ባለቤት ነው፤ በበዓሉ ላይ ሻይ ሲቀዳ የነበረውም እሱ ነው። አራጌ ወደ ደጅ ይዞት ወጣ።

«መምህሩ አንተ ዘንድ ምን ምን ይበላ ነበር?»

«እኔ ዘንድ? ከፋሲካ ወዲህ ረግጦም አያውቅ! ንግሥቴ ትሠራልኛለች ብሎኝ። ደመወዙንም ከላላ ወረዳ ላሉት ወላጆቹ ይልካል፤ እሱን አገር ያውቃል። የሆቴል ዋጋ ከብዶት ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።»

«ዛሬስ እንዴት በላ?»

ጀብሪል ዙሪያውን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሌሎቹን ቆንጠር፣ ቆንጠር አደረገ። የሀሊማ ሲመጣ ጓድ አሻግሬ ትልቅ ቁራሽ ቆርሶ እጁ ላይ አኖረለት። ‹ረሃብ አለ ብለህ በስብሰባ ስትለፈልፍ የነበርክ አንተ አይደለህ? ብላ እንጂ፣ እንግዶቹ ይዩህ!› አለው። ሰው ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽህም። መምህሩ ሀሊማን አየት አደረጋትና በላ። ጨርሶ በላ።»

የመምህሩ ክፍል ሩቅ አልነበረም። ገበጣ፣ መጻሕፍት፣ አንድ አልጋ። ምድጃ የለም፤ አይጥ የሚልሰው ነገር እንኳ የለበትም። አራጌ ብርድ ልብሱን ገለጠ። ሰማያዊ መስመር ያለው አንሶላ ግማሹ ተቀዶ ተወስዷል።

ሲመለስ ሀሊማን ከዕቃ ቤቱ አስወጣት።

«እህቴ፣ የጋገርሽውን ዱቄት ከየት አመጣሽው?»

«ወላሂ አልሰረቅኩም! ደጃፌ ላይ ነው የማገኘው። ሲነጋ በጨርቅ ተቋጥሮ ይቀመጣል። ዘካ ነው ብዬ፣ ላስቀመጠው ሁሉ ዱዓ አደርግ ነበር።»

«ልጆችሽን አታበያቸውም ነበር?»

«የቀደመውን በሉ። በሱ ነው ነፍሳቸው የቆየው። የመጨረሻዋን ቋጠሮ ግን ያዝኳት። ብንበላት የሁለት ቀን ናት፣ ብታሸንፍ ኩንታል ናት። ትንሹ እያለቀሰ ነው ያቦካሁት።»

«ጨርቁስ?»

ከወገቧ ፈትታ ሰጠችው። ሰማያዊ መስመር አለው። አራጌ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላት፤ ዓይኗን ግን ማየት አልቻለም።

ሁሉም በአዳራሹ ተሰበሰቡ። አስከሬኑን ወደ ጤና ጣቢያው ወስደውታል።

«መርዝ የሚፈልግ እኔን ይመልከት» ሲል ጀመረ አራጌ። «ከዚያው ዳቦ በልቻለሁ፤ እንግዶቹም ቆርሰዋል።»

«እብጠቱስ?» አለች አበቡ።

«እብጠቱ ከዳቦው በፊት ነው። ጫማው አልገባ ሲለው በምላጭ ሰንጥቆታል፤ እንዳይታይበት ስንጥቁን ቀለም ቀብቶታል። ቀለሙ ውስጡ ገብቷል። ዛሬ የተመረዘ ሰው ቀድሞ ጫማውን አይሰነጥቅም። ይህን እብጠት በስልሳ ስድስት በወረኢሉ መንገድ በነበረው መጠለያ ዘብ ስቆም አይቻለሁ። የምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።»

አራጌ ወደ ንግሥቴና ወደ ጀብሪል ዞረ።

«ሁለት ሹራብ የደረበው ወፍሮ እንዲታይ ነው። ንግሥቴ ጀብሪል ቤት ይበላል አሉ፤ ጀብሪል ንግሥቴ ቤት ይበላል አለ። የትም አይበላም ነበር።»

«የኔ ጌታ!» ንግሥቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «አንዲት ግድግዳ ነው እኮ መሀላችን! አንዲት ግድግዳ!»

«ዱቄቱስ የት ሄደ?» አለ ጀብሪል።

አራጌ ጨርቁን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ሌላው ግማሽ መምህሩ አልጋ ላይ ነው። የሀሊማ ልጆች ተማሪዎቹ ናቸው። በመጠለያው ለከረመ ረሃብተኛ ዳቦ እንዳንሰጥ ሐኪሞቹ ይከለክሉን ነበር፤ ወተት በማንኪያ ነበር የሚጀመረው። የደረቀ ሆድ ድንገት ሲሞላ ይገድላል። መምህሩ ቆንጠር እያደረገ ሊያልፈው ነበር።» ወደ አሻግሬ ዞረ። «ብላ ያለው ሰው ባይኖር።»

ሀሊማ ጨርቁን አየችው። ከንፈሯ ለዱዓ ተንቀሳቀሰ።

አሻግሬ ፊቱ አመድ መሰለ። «ደመወዝተኛ በረሃብ ሞተ ብለህ ልትጽፍ ነው? በአሥረኛው ዓመት በዓል? ያ ቃል ከዚህ አዳራሽ አይወጣም!»

«ቃሉን ካልፈለግከው መርዙንም ተው። ሴትዮዋን ለቀቅ አድርጋት፣ እኔም ድንገተኛ ሕመም ብዬ እጽፋለሁ። ካልሆነ ግን ለመምህሩ የተናገርከውን ቃል በቃል አሰፍረዋለሁ። የሰማው ሰው ብዙ ነው።»

አሻግሬ ላቡን ጠረገ። ሰዉን ተራ በተራ አየ። «ሕመም ነው» አለ በመጨረሻ። «ሴትዮዋ ነፃ ናት።»

አራጌ ወንበር ስቦ መጻፍ ጀመረ። ብዕሩ ከብዶት ነበር። ለሞተው ሰው እውነቱ እንኳ አልተረፈውም።

«እንግዲያስ ኩንታሉ የማን ነው?» አበቡ ድንገት ጠየቀች።

«ዳኛው ሳይፈርድ ሞቷል» አለ አሻግሬ።

«ታዲያ የኔን ሲቀምስ ራሱን ነቅንቆ የለ? ጀብሪል፣ አንተ አላየህም?»

«እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር እቴ!»

«ለቀበሌው ገቢ ይሁን!» አለ አንዱ ከኋላ። «እንዴት ተደርጎ!» አለች ሌላዋ የጋገረች ሴት። ወንበሮች ተንኳኩ፤ ሁሉም ባንድ ላይ ይናገር ጀመር።

በዚህ መሀል ሀሊማ ከበሩ ሥር ጫማዋን አደረገችና ወጣች። ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ አልታጠፈችም፤ መምህሩ ብቻውን ወደተኛበት ወደ ጤና ጣቢያው ቁልቁል ወረደች።