ሰባት ቀን በእግር፣ በጾም

ሊስቱ ላይ አምስት ስም አለ። ስድስተኛው መስመር ላይ «ክፍት» ይላል። ሆሣዕና ከላይ ወደ ታች አነበበችው፣ ከታች ወደ ላይ ደገመችው። ስሟ የለም።

ጉድ እኮ ነው! ጉዞውን ከሀ እስከ ፐ የቀመረችው እሷ ናት። ኦገስት አሥር ላይ እንግሊዝ አገር፣ ቺፒንግ ካምደን ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነስተው በሰባት ቀን ባዝ ከተማ ሊገቡ ነው፤ መቶ ስልሳ አራት ኪሎ ሜትር፣ ሁሉም በእግር። ስድስት ተማሪዎችና ሁለት አስተማሪዎች። በቀን ስንት እንደሚጓዙ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ውሃ የት እንደሚሞሉ፣ የአንዱ እግር ውሃ ቢቋጥር ከየትኛው መንደር አውቶቡስ እንደሚይዝ ያወጣችው ሆሣዕና ናት። ካርታው ላይ ያለውን የበግ ማሰማሪያና የድንጋይ አጥር ሳይቀር በቃሏ ታውቀዋለች። ዊንተሩን ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ስምንት ኪሎ ምስር ጀርባዋ ላይ አዝላ እሷ በምትኖርበት ስካርቦሮ፣ የሩዥን ሸለቆ በበረዶ ስትወጣና ስትወርድ ከርማለች። እና አሁን «ክፍት»?

ሚስ ሃርግሪቭ ክፍሉ ውስጥ ወረቀት ታስተካክላለች። የእግር ጉዞ ክለቡ ኃላፊ ናት፤ ረጋ ያለች፣ ተማሪ ላይ የማትጮህ ሴት።

«ሚስ፣ ስሜ የለም።»

«ልጠራሽ ነበር፣ ሆሣዕና። ቅር እንዳይልሽ።» ሚስ ሃርግሪቭ ወረቀቱን አስቀመጠች። «መክሊት ስለ ጾምሽ ነግራኛለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ እስከ ከሰዓት በኋላ ምንም ሳትበዪ፣ ውሃም ሳትጠጪ እንደምትውዪ። ወላጆችሽም እንደተጨነቁ። እምነትሽን አከብራለሁ፤ ግን በባዶ ሆዷ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር የምትሄድ ልጅ ይዤ ተራራ ልወጣ አልችልም።»

«መክሊት? የኛዋ መክሊት?»

«ሰኞ ዕለት መጥታ ነው የነገረችኝ።»

ሆሣዕና ደሟ ፈላ። «ውሸት ነው! እበላለሁ እኮ! ሁሉንም አስተካክያለሁ፣ እናቴም—»

ሚስ ሃርግሪቭ እጇን ከፍ አደረገች። «ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ስሞቹን ለቲኬት እልካለሁ። ሁለት የተለያየ ወሬ ይዤ ግን ጉዞ አልወጣም። ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ኑና እውነቱን ንገሩኝ።»

ነገ ሐሙስ ነው። ቦታው ከዓርብ አያልፍም።

መክሊትን ያገኘቻት አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ ከኋላ፣ መስኮቱ ጥግ። ሁለቱ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው፤ መዝሙሩንም አብረው፣ ቁጣውንም አብረው። ሌላ ጊዜ የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው። ሲጣሉ ግን በአማርኛ ነው፤ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው እንዳይሰማቸው።

«ስለ ሆዴ አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለቻት ሆሣዕና፣ ገና ሳትቀመጥ።

መክሊት ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም። «ምን ሆነሻል? አታካብጂ።»

«አላካብድም! እማ ተጨንቃለች አልሽ? ምንም አትበላም አልሽ? ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ! አባ ገብረ ክርስቶስ ያሉኝን እኮ አጠገቤ ቆመሽ ሰምተሻል!»

ሰምታለች። የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ክርስቶስ በፋሲካ ሰሞን ነገሩን በአጭሩ ነበር የቋጩት፦ «የፍልሰታ ጾም ላይ መንገደኛ ነሽ፣ ልጄ። ሰዓት አትቁጠሪ፤ ጠዋት ቅመሺና ውጪ። ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን ብቻ ተዪ። የሰው አገር ተራራ ላይ ተዝለፍልፈሽ እንዳታሰድቢን!» ሆሣዕናም ሳትውል ሳታድር ለየማደሪያው ኢሜይል ጻፈች። እንግሊዞች ቁርስ ላይ ከዳቦ ጋር የሚበሉት በቲማቲም የተሠራ ባቄላ፣ ዳቦው ቅቤ እስካልተቀባ ድረስ ለጾመኛ እንከን እንደሌለው አጣርታለች። እንዲህ የለፋ ሰው ነው እንግዲህ «በባዶ ሆዷ» የተባለው።

መክሊት ስልኳን ኪሷ ከተተች። «እሺ። ነግሬያታለሁ።»

«ለምን?»

«ከመጣሽ ትጠብቂኛለሻ!» አለች መክሊት። «እናቴ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ‹ጾሟን አደራ፣ ዓይንሽን ከሷ እንዳትነቅዪ› ስትልሽ እዚያው ነበርኩ። አንቺስ ምን አልሽ? ‹እሺ እትዬ፣ አያስቡ!› እኔ ሰባት ቀን፣ ሰባት ቀን ብቻ፣ ማንም ሳያየኝ አይብ ያለበት ሳንድዊች መብላት ፈለግሁ። ይኸው ነው።»

«ሲሪየስሊ? ለአንድ ሳንድዊች ብለሽ ስድስት ወር የለፋሁበትን ገደል ከተትሽው?»

«ሳንድዊቹ አይደለም ነገሩ!» መክሊት ብድግ አለች። «ያን የምሳ ሠንጠረዥሽን ክፈቺና እዪው። ከዚያ ተናደጂ።»

ከራሷ ፌርማታ ሁለት ቀድማ ወረደች። ጭራሽ እሷ ተቆጥታ! ሆሣዕና በመስኮቱ እያየቻት «እጄ አመድ አፋሽ» ብላ አጉረመረመች። እናቷ ስትናደድ የምትለው ነው፤ ዛሬ ገና ምን ማለት እንደሆነ ገባት።

እናቷ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አረጋውያን ከምትንከባከብበት ሥራ ገና መግባቷ ነበር፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። መጀመሪያ ስለ ጉዞው ስትሰማ «እናቴ እኔን አዝላ ሱዳን ድረስ በእግሯ ስትሄድ ማንም ቲኬት አላስቆረጣትም፤ አንቺ ከፍለሽ ልትሄጂ?» ብላ ስታላግጥ የነበረች ሴት ናት። አሁን ግን የልጇን ወሬ ሰምታ ስትጨርስ ቱግ አለች።

«እኔ ነኝ የተጨነቅሁት? እኔ? ማን ብላ ነው በኔ ስም የምታወራው! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ! እሷ ልትገድፍ ባማራት የኔ ልጅ ትቅር? ስልኩን አምጪ፤ ሰገነት ልጇ ምን እንደሠራች አሁኑኑ ትስማ!»

«ቆይ፣ እማ፤ መጀመሪያ ይኼን እዪልኝ» አለች ሆሣዕና። ምን ያህል እንደለፋች ለእናቷ ልታሳያት ላፕቶፑን ከፈተች። የምሳው ሠንጠረዥ ወጣ። ባለፈው እሁድ ለሁሉም ተጓዥ ልጆች የላከችው ነው፤ ለሚስ ሃርግሪቭ ገና አልሰጠችም። በግራ በኩል ስድስት ስም፣ ከላይ ሰባት ቀን።

አራቱን ልጆች አንድ በአንድ ጠይቃቸዋለች። አንዱ ኦቾሎኒ አይስማማውም፤ አንዷ ሥጋ አትበላም፤ ሁለቱ ያገኙትን ይበላሉ። የሷ መስመር ላይ ሰባት ጊዜ «ጾም»። የመክሊት መስመር ላይም ሰባት ጊዜ «ጾም»።

መክሊትን አልጠየቀቻትም። ምን ብላ ትጠይቃታለች? አብረው አይደል ያደጉት? እትዬ ሰገነት አደራ ብለው የለ? እሷም እሺ ብላለች። ይኼን ጽፋ ለሁሉም የላከችው እሁድ ነው። መክሊት የዋሸችው ሰኞ ነው።

ንዴቷ አልበረደም። አይበርድም! ውሸት ውሸት ነው፤ ስድስት ወር ስድስት ወር ነው። ነገር ግን ዓይኗ ከመክሊት መስመር ላይ አልነቀል አላት።

በዚህ መሐል የሆሣዕና ስልክ ጮኸ። እትዬ ሰገነት ራሳቸው ናቸው፣ የመክሊት እናት።

«ሆሣዕናዬ! ደህና ዋልሽልኝ? ኖርዝ ዮርክ ሄጄ የሱፍ ካልሲ በቅናሽ አግኝቼ፣ ለሁለታችሁም ስድስት ስድስት ጥንድ ገዛሁ። ቁጥርሽ ከመክሊት ጋር አንድ አይደል?»

«አዎ... አንድ ነው፣ እትዬ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሴትዮዋ ምንም አያውቁም። ልጃቸው ከጉዞው ላስወጣቻት ልጅ ካልሲ ይገዛሉ! እናቷ ከፊት ለፊቷ ቆማ በእጇ «ንገሪያት! ንገሪያት!» ትላለች። አንዲት ቃል ብትተነፍስ በቃ፤ መክሊት ከቤት ንቅንቅ አትልም። እንኳን እንግሊዝ፣ ለአንድ ዓመት ኤግሊንተን ጎዳናንም አታይም። ሆሣዕና አፏን ከፈተች።

«እና እንግዲህ» አሉ እትዬ ሰገነት፣ «ያልኩሽን እንዳትረሺ። ጾሟን አደራ። የፈረንጅ አገር ነው፤ እሷ ልቧ ቀላል ነው። አንቺ አለሽልኝ ብዬ ነው የፈቀድኩላት።»

ከስልኩ በስተጀርባ በር ሲዘጋ ተሰማ። መክሊት ቤት ናት፤ ምናልባትም ትሰማለች።

«እትዬ» አለች ሆሣዕና። ትልቅ ሰው አደራ ሲል እንቢ ብላ አታውቅም፤ እንቢ ያለ ልጅም አይታ አታውቅም። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን አደራ መመለስ ፈልጌ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«መንገዱን አሳያታለሁ። ብትታመም አልለያትም፣ ከደከማትም ቦርሳዋን እሸከማለሁ። ይኼ አደራ ይሁንብኝ። የምትበላውን ግን እኔ አልጠብቅም። እሷን ራሷን ይጠይቋት።»

እትዬ ሰገነት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምነው? የሆነ ነገር አለ እንዴ?»

«እሷን ይጠይቋት፣ እትዬ» አለች እንደገና።

ስልኩ ሲዘጋ እናቷ ወገቧን ይዛ ቆማለች። «ምነው ልጄ! በእጅሽ የገባውን! እሷ አንቺን ስታዋርድ አንቺ ሆድ ይፍጀው?»

«አልተውኳትም፣ እማ። ለሚስ ሃርግሪቭ የምነግራት አለኝ።»

«እና ለእናቷስ?»

«ለእናቷ የምትናገረው ራሷ ናት።»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ እጇን ከወገቧ አወረደች። «አንቺ ልጅ አንድ ቀን ትገድዪኛለሽ» ብላ ጫማዋን ልታወልቅ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ «ለነገ፣ ጠዋት እንደምትበዪ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፤ ከፈለገች ትደውልልኝ፣ ሚስሽ» አለች፣ ቁጣው ገና ከፊቷ ሳይጠፋ።

ሆሣዕና ወደ ላፕቶፑ ዞረች። ከመክሊት ስም ፊት ያለውን «ጾም» አጠፋች። የሰኞውን፣ የማክሰኞውን፣ እስከ እሁድ ድረስ ሰባቱንም አንድ በአንድ። ባዶ ተወችው። የራሷን መስመር አልነካችውም።

ሠንጠረዡን ለመክሊት ብቻ ልትልክ አያይዛ ከሥሩ ጻፈች፦ «ሳልጠይቅሽ ነው የጻፍኩት። ምሳሽን ራስሽ ሙዪው። ነገ ከመጀመሪያው ክላስ በፊት ሚስ ሃርግሪቭ በር ላይ ነኝ። የዋሸሽውን ራስሽ ታርሚዋለሽ። ካልመጣሽ ብቻዬን እገባለሁ፣ ሁሉንም እነግራታለሁ። አሁንም በጣም ተናድጄብሻለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልታጠፋት ጣቷን አስጠጋች። አየቻት፣ ደግማ አየቻት።

ሳታጠፋት ላከችው።